«ኡታ»፣ «ዌሴ»፣ «እንሰት»፦ የአንድ ጥንታዊ ቃል ሥርወ ነገር በጉኑኖ ጓሮ መነሻነት

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉኑኖ በምርምር ጽሑፎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው ከአፈር መሸርሸር ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከማይባር፣ ከአንጀኒና ከአንዲት ጥድ ጋር ጉኑኖንም ከጣቢያዎቹ አንዷ አድርጓት ነበር። በዚያ ተፋሰስ የወረደው ዝናብና የታጠበው አፈር ለዓመታት ተለክቷል። በዚያው አፈር ላይ የቆሙት ቃላት ግን ያን ያህል የቅርብ ምርመራ አልገጠማቸውም። ይህ አጭር ጽሑፍ ከነዚያ ቃላት አንዱን ብቻ ይመረምራል፤ እርሱም በወላይትኛ «ኡታ» የሚባለው የእንሰት ስም ነው።

በወላይታ ይዞታ ቤቱን የከበበውና በፍግ የሚዳብረው መሬት «ዳርኩዋ»፣ ከእርሱ ራቅ ብሎ ያለው ፍግ የማይደርሰው ማሳ ደግሞ «ሾቃ» ይባላል። እንሰት የዳርኩዋ ተክል ነው። ከቤቱ አጠገብ ይተከላል፣ ከቤቱ ሰው ጋር ዓመታትን ይቆያል፣ ለምግብ የሚደርሰውም ከበርካታ ዓመታት በኋላ ነው። የዱር ዘሩ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ በስፋት ቢገኝም ተክሉን አላምዶ ለምግብነት ያዋለው የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው፤ ዛሬም ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ በዋና ወይም በተጓዳኝ ምግብነት እንደሚጠቀምበት ይነገራል። ይህ የሥፍራ ውስንነት ለሥርወ ቃል ተመራማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ስንዴን ወይም ቡናን የመሰለ ባሕር ተሻግሮ የዞረ ነገር ስሙም አብሮት ስለሚዞር መነሻውን ማግኘት ያስቸግራል። የእንሰት ስሞች ግን በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን የሚኖሩ የሦስት የቋንቋ ቤተሰቦች፣ ማለትም የኦሞአዊ፣ የኩሻዊና የሴማዊ፣ ጉዳይ ናቸው።

የስሞቹ ስርጭት

ከኦሞአዊው ወገን ወላይትኛ «ኡታ» ሲል ጋሞኛ «ኡትሴ» ይላል፤ የጋሞኛው መድረሻ አናባቢ እንደ ቀበሌኛው ይለዋወጣል። ከደጋማ ምሥራቅ ኩሻዊ ቋንቋዎች ሲዳምኛ ተክሉን «ዌሴ»፣ ሐዲይኛና ከምባትኛ ደግሞ «ዌሳ» ይሉታል። ከሴማዊው ወገን የቸሃ ጉራጌ «ኧሰት» ሲል አማርኛ «እንሰት» ይላል። ኦሮምኛ «ወርቄ» የሚል ከነዚህ ሁሉ የተለየ ሥር አለው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ከሚቀርበው ንጽጽር ውጭ ይሆናል። ቃሉን ከ«ወርቅ» ጋር ማገናኘት እጅግ ያጓጓል፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም። እንዲያማ ቢሆን የቸሃውን «ኧሰት» ከ«እሳት»፣ የአማርኛውን «እንሰት» ከ«እንስት» ማዛመድም ይቻል ነበር። የኋለኛው እንዲያውም ጥሩ ማስረጃ ያለው ይመስላል፤ እንሰትን የምትፍቅ፣ የምትቀብርና የምትጋግር ሴት ናትና። ሕዝባዊ ሥርወ ቃል ሁልጊዜ የሚረታው እንዲህ ነው፤ የኑሮን እውነት ይዞ የቋንቋን ሕግ ይዘላል።

ፊደሉ የሚሰውረው

ከንጽጽሩ በፊት ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር መባል አለበት። «ኡታ» ተብሎ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ቃል ሲነገር «ኡ» ተራዛሚ ነው፣ «ታ» ደግሞ ይጠብቃል። ፊደላችን ማጥበቅንም የአናባቢ ርዝመትንም አያመለክትም። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ችግር ቀላል ነው፤ ማጥበቁን ከዐውዱ ያገኘዋል፣ ርዝመት ደግሞ በአማርኛ ትርጉም አይለይም። በወላይትኛ ግን ሁለቱም ትርጉም ይለያሉ። «መቀመጥ» የሚለው ግሥ ሥርም «ኡት-» ነው፤ «ተቀመጥ» ሲባል በፊደላችን «ኡታ» ተብሎ ይጻፋል። ልዩነቱ የግሡ «ኡ» አጭር፣ የተክሉ «ኡ» ረጅም መሆኑ ብቻ ነው። ወላይትኛ ዛሬ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህን መለየት ይቻላል፤ በአማርኛ በሚጻፉ የግብርናና የባህል ጥናቶች ውስጥ ግን ሁለቱ ቃላት አንድ መልክ ይዘው ይገኛሉ።

ከዚህም አንድ አሳሳች ትርጓሜ ሊወለድ ይችላል። እንሰት ተካይ ሕዝብ ሰፍሮ የሚቀመጥ ሕዝብ ነው፤ ተክሉ ቶሎ አይደርስምና የተከለው ሰው አካባቢውን ጥሎ አይሄድም። «ኡታ»ን «ከመቀመጥ» ማውጣት እንግዲህ ከታሪኩ ጋር የሚስማማ፣ ለተማሪም ሊነገር የሚያምር ትርጓሜ ነው። ሆኖም ትክክል አይደለም፤ ትክክል አለመሆኑን የሚያሳየውም ጋሞኛ ነው።

ጋሞኛ የጠበቀው ድምፅ

በጋሞኛው «ኡትሴ» ውስጥ ያለው «ትስ» እንደ አንድ ተነባቢ የሚነገር ድምፅ ነው። ለዚህ ድምፅ በአማርኛ ፊደል የተለየ ምልክት የለም፤ «ጸ» ፈንጂ ስለሆነ ቅርብ ቢመስልም ሌላ ነው። የጋሞኛና የወላይትኛ ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህ ድምፅ በተደጋጋሚ ከጠባቂ «ት» ጋር ይገጥማል። ውሃ በጋሞኛ «ሃትሴ»፣ በወላይትኛ «ሃታ» ነው። ቤት በጋሞኛ «ኬትሴ»፣ በወላይትኛ «ኬታ» ነው። እንሰት «ኡትሴ» እና «ኡታ» ሲሆን በዚሁ ረድፍ ውስጥ ይገባል። በሌላ በኩል «መቀመጥ» በሁለቱም ቋንቋዎች «ኡት-» ነው። ስለዚህ እንሰትና መቀመጥ ከአንድ ሥር ቢወጡ ኖሮ በጋሞኛም አንድ ተነባቢ በያዙ ነበር። አልያዙም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይገባዋል። «ውሃ»፣ «ቤት»ና «እንሰት» ሦስቱም ረጅም አናባቢ አላቸው፤ «መቀመጥ» ግን አጭር ነው። እንግዲያስ ጥንታዊው ድምፅ በሁሉም «ት» ሆኖ ጋሞኛ ከረጅም አናባቢ በኋላ ብቻ ወደ «ትስ» ለውጦት ቢሆንስ? በሁለቱ ቋንቋዎች ብቻ ቢታይ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኦሜቶ በሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ ወላይትኛና ጋሞኛ የሰሜኑ ክፍል ሲሆኑ፣ በምሥራቁ ክፍል የሚመደቡት የኮሬና የዛይሴ ቋንቋዎች አሉ። በእነዚህም ለውሃ የሚውለው ቃል «ዋትስ-» የሚል ሥር አለው፤ መነሻ ተነባቢው ተለውጧል፣ «ትስ» ግን አለ። በሁለት የተራራቁ ቅርንጫፎች ውስጥ አንድ ዓይነት ለውጥ ለየብቻው ተፈጠረ ከማለት፣ ድምፁ ከጥንት ነበረ፣ ወላይትኛ ነው ወደ ጠባቂ «ት» የለወጠው ማለት ይቀልላል። በዚህ መሠረት የጉኑኖ ሰው ዛሬ «ኡታ» የሚለው ቃል ቀድሞ «ትስ»ን የያዘ ነበር፤ ወላይትኛና ጋሞኛ ከመለያየታቸው በፊትም በቋንቋቸው ውስጥ ነበረ።

ቃሉ የተወረሰ እንጂ ከጎረቤት ዘግይቶ የገባ አይደለም ለማለት ይህ ረድፍ ዋናው ምስክር ነው። ለማነጻጸር ሙዝን መውሰድ ይበቃል። ሙዝ ከእንሰት ጋር አንድ የዕፅ ቤተሰብ ቢሆንም ከእስያ የመጣ ተክል ነው። የወላይትኛ ስሙ «ሙዚያ» የሚል ሲሆን፣ ከዐረብኛው «መውዝ» ተነሥቶ በአማርኛው «ሙዝ» በኩል የደረሰ ስም መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ወላይትኛ የጨመረበት የራሱን የስም መድረሻ ብቻ ነው። እንግዳው ተክል ከእንግዳ ስሙ ጋር ገባ፤ እንሰት ግን ከውሃና ከቤት ጋር በአንድ ሕግ የተለወጠ የቤት ስም አለው።

እንዲህ ያለ ንጽጽር በወላይታ የራሱ ትዝታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋህዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ተነሥቷል። የቋንቋዎችን ዝምድና መናገር የቋንቋዎችን አንድነት ማወጅ ተደርጎ እንዳይወሰድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የታየው ረድፍ እንዲያውም ተቃራኒውን ያስረዳል፤ ወላይትኛና ጋሞኛ እርስ በርሳቸው ምስክር ሊሆኑ የቻሉት የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

ከቤተሰቡ ውጭ፦ «ዌሴ» እና «ኧሰት»

ከኦሞአዊ ውጭ ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል። «ኡትሴ»፣ «ዌሴ» እና «ኧሰት» የአንድ ቃል ሦስት መልኮች ናቸው? ሦስቱ ቋንቋዎች የተለያዩ ቤተሰቦች አባላት ስለሆኑ ጥያቄው የውሰት ጥያቄ ነው። የውሰትን አቅጣጫ ለመወሰን የሚያገለግል አንድ መለኪያ አለ፤ እርሱም ተቀባዩ ቋንቋ ሊጠራ የሚችለው ድምፅ ነው። ደጋማ ምሥራቅ ኩሻዊ ቋንቋዎች «ትስ» የሚባለው ድምፅ የላቸውም፤ አማርኛና ጉራጊኛም እንዲሁ። «ትስ» የሌለው ቋንቋ «ትስ» ያለበትን ቃል ሲቀበል ቅርቡ ማረፊያው «ስ» ነው። በተቃራኒው ግን ጋሞኛ «ስ» አለው። ቃሉን ከሲዳምኛ ወይም ከጉራጊኛ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ «ስ»ን ወደ «ትስ» የሚለውጥበት ምክንያት አይታይም፤ ወላይትኛም «ኡሳ» የመሰለ ነገር በያዘ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ስሞች አንድ መነሻ ካላቸው፣ አቅጣጫው ከኦሞአዊ ወደ ሌሎቹ ነው ማለት ከተቃራኒው የተሻለ ድጋፍ አለው። ክሪስቶፈር ኤሬት እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ግብርና ጥንታዊነት ባቀረበው ጥናት የእንሰትን እርሻ ከኦሞአዊ ተናጋሪዎች ጋር ማያያዙ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የእርሱ መንገድ ግን ሰፊ የቃላት መልሶ ግንባታ እንጂ ይህ አንድ ቃል አልነበረም።

ይሁንና የኩሻዊውን ስም እንደ ቅርብ ውሰት መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ሲዳምኛ ተክሉን «ዌሴ» ሲል ከተክሉ የሚገኘውን ምግብ «ዋሳ» ይላል። ሐዲይኛና ከምባትኛም ምግቡን «ዋሳ» ይሉታል። በአናባቢ ለውጥ ብቻ ተክልንና ምግብን መለየት፣ ይህንንም ሦስት ቋንቋዎች በጋራ መያዛቸው፣ ቃሉ በእነርሱም ዘንድ ረጅም ዕድሜ እንዳለው ያመለክታል። ውሰት ከነበረ እነዚህ ቋንቋዎች ከመራራቃቸው በፊት የሆነ ነው።

የ«ዋሳ» ጉዞ በዚህ አላበቃም። የቸሃ ጉራጌ ተክሉን «ኧሰት» ቢልም ከቆጮ የሚጋገረውን ቂጣ «ውሳ» ይለዋል። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው የጉራጌ ጥናት «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የጠራው ማኅበረሰብ ለተክሉና ለእንጀራው የሁለት ወገን ስም አለው ማለት ነው። «ውሳ» ከምሥራቅና ከደቡብ ጎረቤቶቹ ከሐዲያና ከከምባታ «ዋሳ» የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ «ኧሰት» ግን ከ«ስ» በኋላ ሴማዊ መድረሻ «ት» ጨምሮ በሌላ መንገድ የደረሰ ይመስላል። ተክልና የምግብ አሠራር የግድ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጎረቤት አይመጡም። የአንድ ጓሮ ሁለት ስሞች ሁለት የግንኙነት ዘመን ሊመሰክሩ ይችላሉ።

በአማርኛው «እንሰት» ላይ የሚታየው «ን» በ«ኡትሴ»ም፣ በ«ዌሴ»ም፣ በ«ኧሰት»ም የለም። ከሌሎቹ ሁሉ ጠፍቶ በአማርኛ ብቻ ተረፈ ከማለት አማርኛ ጨመረው ማለት ያዋጣል። እንሽላሊት፣ እንቁራሪት፣ እንጉዳይ እያለ በ«እን» የሚጀምሩ የእንስሳትና የዕፅዋት ስሞችን ያበዛ ቋንቋ አንድ ተጨማሪ ቃል በዚያው መልክ ማበጀቱ አያስገርምም።

ስም ምን ይሰይማል?

እስከዚህ የታየው የድምፅ ጉዳይ ነው። የትርጉሙም ነገር ከዚህ ያነሰ አይደለም። ወላይትኛ ተክሉን «ኡታ»፣ ተፍቆና ተብላልቶ የሚገኘውን ቆጮ «ኡንጫ»፣ ቡላውን «ኢቲማ» ይላል፤ ለተክሉና ለምግቡ የሚውሉት ስሞች እንደ ሲዳምኛው ከአንድ ሥር የተመዘዙ አይደሉም። አማርኛም «እንሰት»ን ከ«ቆጮ» ይለያል። በሰሜን በኩል ግን እንሰት በልማድ የሚበላ አይደለምና ተክሉ በዋናነት የሚታወቀው በ«ኮባ» ስም ነው፤ ዳቦ የሚጋገርበት ቅጠል ማለት ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ ተክሉን ሳይሆን ከተክሉ ጋር ያለውን ግንኙነት ሰይሟል ማለት ይቻላል፤ የሚበላው ሥሩንና ግንዱን፣ የሚጋግርበት ቅጠሉን።

ቃሉ ወደ ላቲን የዕፅዋት ስም የገባው ደግሞ እንሰት ዋና ምግብ ከሆነበት ደቡብ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በሰሜን ኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ ተክሉን አይቶ፣ ሥዕሉንና ገለጻውን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ «እንሰቴ» በሚል አጻጻፍ አወጣው፤ የተክሉ አገር እናርያ እንደሆነ ይነገራል ሲልም ጻፈ። ብሩስ ራሱ ወደ እናርያም ሆነ ወደ ወላይታ አልዘለቀም። በ1862 ሆራኒኖቭ ያንን ስም የዕፅ ወገን መጠሪያ አደረገው። የዛሬው «እንሰቴ ቬንትሪኮሱም» የሚለው ሙሉ ስም የጸናው ቺዝማን በ1947 ባደረገው ክለሳ ሲሆን፣ «ሆዳም» የሚል ትርጉም ያለው ሁለተኛው ክፍል ቬልቪች በ1859 ከአንጎላ ለተገኘ ተክል ከሰጠው ስም የተወሰደ ነው። ውጤቱ እንግዳ ነው። በማዳጋስካር፣ በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅሉ፣ ኢትዮጵያዊ አይቷቸው የማያውቅ የዚህ ወገን ዕፅዋት ሁሉ ዛሬ በሳይንስ ስማቸው በአማርኛ ቃል ይጠራሉ። የሙዝ ወገን የሳይንስ ስም «ሙሳ»ም ከዐረብኛው «መውዝ» ጋር ይያያዛል። በአንድ የዕፅ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ወገኖች፣ አንዱ ከዐረብኛ፣ ሌላው ከኢትዮጵያ ቋንቋ ስም አግኝተዋል። ከ«እንሰት» ይልቅ በዕድሜ የሚቀድም የሚመስለው የኦሞአዊው ቃል ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ አልታየም።

በስሙ ሥር ያሉ ስሞች

«ኡታ» የወል ስም ነው። በወላይታ ጓሮ ውስጥ ግን ተክሉ በየዓይነቱ «ሃላ»፣ «ማዚያ»፣ «ጌና»፣ «ቱዙማ» እየተባለ በተናጠል ይጠራል። እነዚህ ስሞች ለጌጥ የወጡ አይደሉም። የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለቡላ እንደሚሻል፣ የትኛው በሽታ እንደሚችል የሚያስታውሱ የዕውቀት መያዣዎች ናቸው። «ማዚያ» በተለይ የእንሰት አጠውልግ በሽታን በመቋቋሙ በምርምርም በገበሬውም ዘንድ ይታወቃል። በሽታው በኢትዮጵያ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጓሮዎችን አራቁቷል። በሽታ አንድን ዓይነት ከአንድ አካባቢ ሲያጠፋ ስሙ ለጊዜው በአዛውንቶች አፍ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ነገር ስለሌለ ስሙም ይከተላል። የሥርወ ቃል ምርመራ እንደ ተክል ጥበቃ ሁሉ የጊዜ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእንሰት ላይ የሚሠራው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከጉኑኖ ሩቅ አይደለም፤ በማዕከሉ ማሳ ላይ የተሰበሰቡ ዓይነቶች ከየአካባቢያቸው ስም ጋር ተጠብቀዋል። የስሞቹ አመዘጋገብ ግን በአብዛኛው ማጥበቅና ማራዘም በማይለይ ጽሕፈት ነው፤ አንዱ ስም በአንዱ ጽሑፍ «ማዚያ»፣ በሌላው «መዝያ» ሆኖ ይገኛል። ሁለት አጻጻፎች ሁለት ዓይነት ተደርገው ሊቆጠሩ፣ ሁለት ዓይነቶችም በአንድ አጻጻፍ ሊሰወሩ ይችላሉ። በ«ኡታ» ላይ የታየው ስሕተት በመቶ ስሞች ላይ ሲደጋገም የብዝኃ ሕይወት ቆጠራውን ራሱን ያናጋል።

ስለዚህ በጉኑኖና በአጎራባች ቀበሌዎች የሚደረግ ቀጣይ ሥራ ቢኖር እያንዳንዱን የዓይነት ስም በድምፅ መቅረጽ፣ ርዝመቱንና ማጥበቁን ምልክት አድርጎ መጻፍ፣ ስሙን የሚሰጠው ሰው ከተክሉ አጠገብ ቆሞ እንዲናገር ማድረግ ይኖርበታል። ተጠያቂዎቹም በቅድሚያ እንሰት የሚፍቁ እናቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ የቤቱ አባወራ «ኡታ» ብሎ በሚያልፈው ረድፍ ውስጥ እነርሱ እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታልና። ያው ዝርዝር በጋሞ ደጋ ሲደገም ደግሞ በየስሙ ውስጥ «ት» በቆመበት «ትስ» የሚገኝ መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል፤ ከላይ የቀረበው ረድፍ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በዚያ ነው።